የትዋብ ጡት፣ የመንበሩ ምራቅ

ይታወጃል! በቤርሼባ ከተማ፣ በሽኩና ቫቭ ሰፈር፣ ሊፍቱ ከፋሲካ ወዲህ ቆሞ በቀረበት ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው፣ በኤመቅ ሳራ የፋብሪካ ሰፈር ባለ የቧንቧ ዕቃ መጋዘን ካርቶን የሚጭነውና የሚያወርደው፣ ቀኝ ጉልበቱን የሚያመው፣ በሰው ፊት አንዴም ድምፁን ከፍ አድርጎ ተናግሮ የማያውቀው አቶ መንበሩ፣ ሊቃውንት ከነመነጽራቸው ስንት ዘመን የተነታረኩበትን ጉዳይ እንዲቋጭ ተመርጧል። የሰው ልጅ ደግነት ከደሙ ነው ወይስ ከሃይማኖቱ? መልሱን በመጪው ሐሙስ ጠዋት፣ በአራተኛው መስኮት፣ በምራቁ ይሰጣል። መታወቂያውን ይዞ ይቅረብ። ያረፈደ አይስተናገድም።

ደብዳቤው እርግጥ እንዲህ አይልም። መሥሪያ ቤት ትልቁን ነገር የሚጠይቀው በትንሹ ፊደል ነው። ደብዳቤው የሚለው፣ ጎንደር ሆና ወደዚህ ለመምጣት የምትጠብቀው ካሳነሽ በርግጥ እህትህ መሆኗ እንዲጣራ መጥተህ የምራቅ ናሙና ስጥ ነው። ዕብራይስጡን ያነበበችለት ልጁ ኤላ ናት። ኤላ እዚሁ ቤርሼባ ተወልዳ፣ ወታደርነቷን ጨርሳ፣ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ መማር ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። እናቷ ቦጋለች ከሞተች ወዲህ የቤቱ ጸሐፊም፣ አስተርጓሚም፣ ተቆጪም እሷ ሆናለች። አባቷ በአማርኛ ይጠይቃታል፤ እሷ በዕብራይስጥ ትመልስለታለች።

«አባ፣ ቀላል ነው» አለችው፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች። «ጥጥ ጉንጭህ ውስጥ ያሻሉ፤ አለቀ። የሷንም እዚያ ይወስዱና ያስተያዩታል። የአንድ እናት ልጆች ከሆናችሁ ይታያል።»

«ካልሆንስ?»

ኤላ ሳቀች። «ምን ማለት ነው ካልሆንስ? አፍንጫችሁ እኮ አንድ ነው!»

«እንዲያው ለነገሩ ነው። ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ሁለቱ አይመሳሰሉም ይላላ። ከሁለታችሁ ማንኛችሁ ከቤተሰቡ ውጭ እንደመጣችሁ እንኳን አይናገርም። ለሱ እናታችሁ ታስፈልጋለች፤ አያቴ ደግሞ የለችም። በል አውቶቡሱ አመለጠኝ!»

ደረጃውን እየዘለለች ወረደች። መንበሩ ደብዳቤውን እንደያዘ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ካሳነሽ እህቱ አይደለችም። ማለት፣ እህቱ ናት። እዚህ ላይ ነው ጣጣው።

እሱ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከቆላ ወደ ገበያ የመጣች አንዲት የማትታወቅ ሴት በወባ ተይዛ ደጃቸው ላይ ወደቀች፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። በጀርባዋ ያዘለቻት ሕፃን የሳምንታት ልጅ ነበረች። የመንበሩ እናት ትዋብ በዚያው ወር የራሷን ሕፃን ቀብራ ጡቷ ወተት አግቷል፤ ጠቢ የለውም። ባሏ «የሰው ልጅ ምን ልናደርግ ነው?» ቢላት፣ «የሰው ልጅ ያልሆነ ልጅ የት አለና?» አለችው። ጡቷን ማር ቀብታ ለሕፃኗ ሰጠች። ሦስት ሽማግሌና አንድ ቄስ አስጠርታ፣ ልጂቱ በፊታቸው እየጠባች፣ የትዋብ የጡት ልጅ ናት ተባለ። ቄሱ ይህን ለልጂቱም ለሌላም ያወጣ እንዳይኖር ገዘቱ። ትዋብ ግን የቄሱ ግዝት ብቻውን አልበቃትም። ዞር ብላ መንበሩንና ታላቅ ወንድሙን እያየች፣ «ይችን ልጅ የትዋብ አይደለችም ያለ፣ እሱም የትዋብ አይደለም። ጡቴ ይፋረደው» አለች።

ሽማግሌዎቹም ቄሱም ዛሬ አፈር ውስጥ ናቸው። አባቱም ሞተ። ታላቅ ወንድሙን ጦርነት በላው። ከትዋብ ወገን በሕይወት የቀረ ዘመድ የለም። ካሳነሽ የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ መንበሩ ብቻ ነው። ካሳነሽ ራሷ አታውቅም።

እና ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ እዚያ ጎንደር፣ የጉዞ ፎርም ይዞ የተቀመጠው ሰው «እህት አለህ?» ሲለው መንበሩ ምን ይበል? «አለችኝ» አለ። አልዋሸም። ሐሰት ነው ብሎ ማሰብ ራሱ ወደ ልቡ አልመጣም። በሱ አገር የጡት ልጅን ከልጅ ለይቶ የሚቆጥር ፎርም አልነበረም፤ ፎርም የሚያዘጋጁት ሰዎች ደግሞ ጡትን ከዝምድና አይቆጥሩም። ካሳነሽ ያኔ ባል ነበራትና ፋይሏ ይቆይ ተባለ። ትዋብ ስሟ ወጥቶ፣ የአውሮፕላን ወንበሯ ተይዞላት፣ «ካሱን ጥዬ አልሄድም» ብላ ቀረች። መንበሩ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ይዞ መጣ።

እዚህ ሲገባ ዘርህ ይታይ ተብሎ፣ የእናቱ አያት ቤተ እስራኤል መሆኗ ተመስክሮለት ነው። ከገባ በኋላ ደግሞ ዘር ብቻውን አይበቃም፣ ሃይማኖትም ተማር ተባለ። ተማረ፤ ተፈተነ፤ ከመንጻት ውሃው ገብቶ ወጣ። ሊቃውንቱ ደም ነው ሃይማኖት ነው እያሉ ሲጨቃጨቁ፣ መንበሩ በሁለቱም በር ወረፋ ይዞ፣ በሁለቱም ቁጥር ወስዶ፣ በሁለቱም ተፈትሾ ያለፈ ሰው ነው። ምስክርነት ካስፈለገ ከሱ የተሻለ አይገኝም። ማንም አልጠየቀውም እንጂ።

አሁን ግን ሐሙስ እየመጣ ነው። ጥጡን ከጎረሰ ወረቀቱ «አይመሳሰሉም» ይላል። የካሳነሽ ፋይል ይዘጋል፤ ለምን እንደተዘጋ ይነገራታል፤ በአርባ አራት ዓመቷ እናት አልነበረሽም ትባላለች። አልጎርስም ካለም ፋይሉ ይዘጋል፤ ወንድሜ ካደኝ ትላለች። በዚህም በዚያም ካሳነሽን የሚያርዳት የሱ አፍ ነው።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ከአየሉ ጋር በተደረደሩት የእንጨት ርብራቦች ላይ ተቀመጡ። አየሉ አብሮት የሃይማኖቱን ትምህርት የተማረ፣ አሁን ጺሙን አሳድጎ የመጋዘኑ ሊቀ ካህናት ነኝ የሚል ሰው ነው፤ የሌላውን ምሳ ዕቃ ሳይመረምር ጨው እንኳ አይበደርም። ሰው ያለ ቶራ ጅብ ነው ይላል። ጎንደር ሳለ ዲያቆን ነበር፤ ያኔም ሰው ያለ ወንጌል ጅብ ነበር። አየሉ ሃይማኖቱን ቀይሯል። ጅቡን አልቀየረውም።

«አንድ የማውቀው ሰው አለ» አለ መንበሩ።

«እሺ፣ የምታውቀው ሰው» አለ አየሉ እንቁላሉን እየላጠ።

«ዘመዴ ናት ብሎ ያስጻፋት፣ በደም ዘመዱ ያልሆነች ሴት አለችው። ሐሙስ ምራቁን ይመረምሩታል።»

«ሐሰት ነው። ሄዶ ይናገር።»

«እንዳይናገር ግዝት አለበት። እናቱ አስገዝታዋለች፤ በቄስ።»

«በቄስ!» አየሉ እንቁላሉን አስቀመጠ። «ስማኝ፣ መንበሩ። ያ ሰው ውሃው ውስጥ ገብቶ ወጥቷል አይደል? የገባውና የወጣው አንድ ሰው አይደለም። የወጣው እንደ ዛሬ የተወለደ ሕፃን ነው። የቀድሞ ግዝት አይደርስበትም። የቀድሞ እናቱ ራሷ፣ በሕጉ፣ እናቱ አይደለችም።»

«እናቱ እናቱ አይደለችም?»

«በሕጉ።»

መንበሩ የምሳ ዕቃውን ከደነ። «እሷስ ታውቃለች?»

«ማን?»

«እናቱ።»

አየሉ እንቁላሉን አነሣ። ሕጉን እሱ እንደገባው ነው የተናገረው፤ ሕጉ ራሱ ከአየሉ የበለጠ ልብ ይኖረው ይሆናል። ቢሆንም ሲነሡ፣ «ሐሙስ ፈረቃህን እኔ እይዝልሃለሁ» አለው። ፈረቃ እንዲይዝለት መንበሩ አልጠየቀም ነበር። የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነም አየሉ አልጠየቀም።

ማክሰኞ ከሥራ ሲወጡ ደግሞ ጊዲ፣ የመጋዘኑ አለቃ፣ ሲያነክስ አይቶት መኪናው ውስጥ አስገባው። ጊዲ የሚኖረው ዖሜር ነው፤ ደጃፉ ላይ የሎሚ ዛፍና ሁለት መኪና አለው፤ በመንገድ ላይ የሳይንስ ትምህርት በመኪናው ሬዲዮ እየሰማ ይነዳል። በእምነት የሚባል ነገር አያምንም። በተቀረጸ ድምፅ ግን ያምናል።

«ይኸውልህ መንበሩ፣ ደግነት የሚባል ነገር የለም» አለው በዕብራይስጥ፣ የሬዲዮውን ድምፅ እየቀነሰ። «ለልጅህ የምትሞተው ግማሽህ እሷ ውስጥ ስላለ ነው። ደም ራሱን ሲጠብቅ ነው እኛ ደግነት የምንለው። ለቀሪው ሰው የምናደርገው ደግሞ፣ ነገ ይመልስልኛል ብለን ነው።»

«ደጇ ላይ ለሞተች ለማታውቃት ሴት ልጅ ጡቷን የሰጠችስ?» አለ መንበሩ በተሰባበረ ዕብራይስጡ። «የሞተ ምን ይመልሳል?»

ጊዲ በደንብ አሰበበት። «ስህተት ነው» አለ በመጨረሻ። «ድሮ ድሮ ሰው በአጠገቡ የሚያየው ሕፃን ሁሉ የሥጋ ዘመዱ ነበር። የሴትየዋ ጭንቅላት ያንን ዘመን መስሎት ነው የተሳሳተው።»

መንበሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ለአርባ አራት ዓመት የዘለቀ፣ እግር አውጥቶ የሄደ፣ ስም የወጣለት ስህተት።

አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ከዖሜር ማዶ ካሉት መንደሮች የመጣች አንዲት ጥቁር የለበሰች የበደዊን አሮጊት የቲማቲም ከረጢቷ ተቀዶባት፣ ቲማቲሙ በአስፋልቱ ላይ ተንከባሎ ቆማለች። ጊዲ መኪናውን በመንገዱ መካከል ገትሮ ወረደ። ኋላ ያሉት ጥሩምባቸውን እየነፉ እናቱን ይሰድባሉ፤ ጊዲ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ የቢሮ ሸሚዙን እንደለበሰ፣ ቲማቲም ይለቅማል። የኋላ ሣጥኑን ከፍቶ ጠንካራ ከረጢት ሰጣት፣ መንገዱን አሻገራት፣ ላብ በላብ ሆኖ ተመለሰ።

«የቱ ጋ ነበርን?» አለ ማርሹን እያስገባ። «አዎ፣ ስህተት ላይ።»

አሮጊቷ የጊዲ ስንተኛ የሥጋ ዘመድ እንደነበረች ሬዲዮው አልገለጸም።

መንበሩ አራት ፎቅ ደረጃውን በየእርከኑ እያረፈ ወጣ። ከአየሉ ጋር ምሳ በልቶ እናት አጥቷል፤ በጊዲ መኪና ተሳፍሮ እህት አጥቷል። ሁለቱ የተማሩ ሰዎች ተባብረው ቤቱን ባዶ አደረጉበት። ደግሞ ሁለቱም ክፉዎች አይደሉም፤ ከሚያወሩት ይሻላሉ። ይህ ነው ያስገረመው። ደግነቱ በእጃቸው ሲያልፍ አፋቸው አላየውም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካሳነሽ በስልክ ደወለች። ስልኩን ፊቷ ላይ ስለምትለጥፈው ሁልጊዜ የሚታየው አፍንጫዋ ብቻ ነው፤ ያ የተመሰከረለት አፍንጫ።

«ጋሼ! ትናንት ጥጥ አጎረሱኝ! ሃያ ሁለት ዓመት አስጠብቀው፣ አስጠብቀው፣ ጥጥ! እንጀራ አይሰጡም?»

«ደህና ነሽ ካሱ?»

«ምን እሆናለሁ። እማ ብትኖር ኖሮ ትስቅብን ነበር። ልጄን በእንትፍታ ልትመዝኑ ነው ወይ ትላቸው ነበር። ምነው ዝም አልክ?»

«ጉልበቴን አሞኝ ነው።»

«በጉልበትህ ነው እንዴ የምታወራው?» ሳቀች፤ ከዚያ አፍንጫው ራቅ አለና ሙሉ ፊቷ ታየ። ጠቁራለች፤ ከስታለች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚከብደኝ። ከመጣሁ የእማን መቃብር ማን ያያል? ዓርብ ዓርብ እኔ ነኝ ሣሯን የምነቅለው።»

ትዋብ የመጨረሻውን ዘጠኝ ዓመት በአልጋ ላይ ነበረች። ያገላበጠቻት፣ ያጠበቻት፣ በማንኪያ ያጎረሰቻት፣ ባሏ «እኔን ወይስ አሮጊቷን» ሲላት «አሮጊቷን» ብላ ብቻዋን የቀረች፣ በሞተችም ጊዜ ዓይኗን የከደነች ካሳነሽ ናት። የትዋብ ደም፣ የትዋብ አጥንት፣ ወረቀት የሚመሰክርለት መንበሩ በዚያች ሰዓት ኤመቅ ሳራ የሻወር ቱቦ ያወርድ ነበር።

«መቃብሩን ሰው እናደርግለታለን» አላት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የኤላ ቃል ተመለሰበት፤ ደረጃውን ልትዘል ስትል እንደ ቀልድ ጥላው የሄደችው ቃል። ወረቀቱ ማንኛችሁ ከቤተሰቡ ውጭ እንደመጣችሁ አይናገርም።

ሐሙስ ጠዋት ኤላ ልታስተረጉምለት አብራው ሄደች። በአራተኛው መስኮት ያለችው ጸሐፊ ናአማ ትባላለች፤ የታከተች እንጂ ክፉ ሴት አይደለችም። የጥጡን ማሸጊያ ልትቀድ ስትል መንበሩ እጁን አነሣ።

«ኤላ፣ የምለውን ንገሪልኝ። ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ።»

«እሺ አባ።»

«ከሁለታችን አንዳችንን ትዋብ አልወለደችም። ከደጅ አንስታ አጥብታ ነው ያሳደገችው። እሱም እኔ ነኝ። ካሳነሽ የማኅፀኗ ልጅ ናት።»

ኤላ ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ አፍንጫዋን፣ የትዋብን አፍንጫ፣ እያየ ጠበቃት። ልጂቱ ደብዳቤውን ያነበበችለትን ዕለት ወሬ እያስታወሰች እንደሆነ ከዓይኗ አየ፤ «ካልሆንስ?» ብሎ የጠየቀበትን፣ እሷ የሳቀችበትን። ደግሞም ሒሳቡን ስትጨርስ አየ፤ እሱ የትዋብ ካልሆነ እሷም የማንም አይደለችም።

«አባ» አለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ በአማርኛ። «እንዲህ ብዬ ከተናገርኩ እኮ…»

«አውቃለሁ።»

«እኔም እኮ…»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ላንቺም የሚተርፍ ነገር ነው፤ ለዚህ ነው ባንቺ አፍ ያደረግሁት። ካልፈለግሽ ተይው። ጥጡን እጎርስና እንሄዳለን። አልቀየምሽም።»

«እውነት ነው?»

ግዝቱ እዚህ ድረስ መጣ። እናቱ፣ ይችን ልጅ አይደለችም ያለ እሱም የኔ አይደለም ብላ ነበር። እሱ አይደለችም አላለም። የቅጣቱን ግማሽ ብቻ፣ ጥፋቱን ሳያጠፋ፣ በገዛ እጁ ወሰደ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለች ናአማ።

ኤላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ ያለ መንተባተብ፣ በዚያ ለመሥሪያ ቤት በምትናገርበት ደረቅ ዕብራይስጧ፣ አንድም ሳትጨምር አንድም ሳትቀንስ ተናገረች። እጇ ብቻ የአባቷን የጃኬት እጅጌ ጨምድዶ ይዟል።

ናአማ መተየቧን አቆመች። መነጽሯን አውልቃ መንበሩን አየችው፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በመስኮት በኩል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰው ሳትሆን አትቀርም።

«ይህን ከጻፍኩ ያንተ ፋይል ይከፈታል። የልጅህም። ከመጀመሪያው ጀምሮ። ምን እንደሚወስኑ እኔ አላውቅም። ሴትዮዋ በእናቷ በኩል ለብቻዋ ትታያለች፤ ከአንተ ጋር መተያየቱ አያስፈልግም። ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«ማንም ሳይጠይቅህ ለምን ትናገራለህ?»

መንበሩ አሰበ። አየሉ ቢሆን ስለ ሰማይ ያወራላት ነበር፤ ሰማዩ ግን አትዋሽ ብሏል፣ መንበሩም ገና አሁን መዋሸቱ ነው፣ በሙሉ አፉ። ጊዲ ቢሆን ስለ ደም ያስረዳት ነበር፤ ደሙ ግን አጠገቡ እጅጌውን ይዛ ቆማለች፣ እሱ ደግሞ ከሷ ወስዶ ለባዳ እየሰጠ ነው። ሁለቱም ምላሱ ላይ አልመጡለትም። የመጣለት በማር የተቀባ ጡትና የሣር ነቀላ ነው፤ ያ ደግሞ ለመስኮት አይነገርም።

«አላውቅም» አለ።

ናአማ ተነፈሰች። ቅጹን አትማ፣ አስፈርማው፣ ወደ ራሷ መለሰችው። ከፊርማው በላይ «የቃል ለውጡ ምክንያት» የምትል አንዲት መስመር አለች፤ ባዶ ናት። ባዶ መስመር ያለበት ወረቀት ደግሞ ከዚያ መስኮት ወደ ላይ አያልፍም። ካሳነሽ ጎንደር ሻንጣዋን አስራ ተቀምጣለች፤ ኤላ ፈተና ቀርቶባት ኮሪደሩ ላይ ናት፤ መንበሩ ጉልበቱን እያሻሸ ነው። ናአማ ብዕሯን እንደያዘች ትጠብቃለች።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ አንተ በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት ያለህ፣ በሠርግም በለቅሶም ይህን ክርክር ያሸነፍክ፣ ወይ መጽሐፍህን ወይ ማይክሮስኮፕህን አንግበህ የምትዞር፣ እስቲ ወደ አራተኛው መስኮት ጠጋ በል። መስመሯ አጭር ናት፤ ሦስት ቃል ቢያስገባ ነው። ብዕሩን ከናአማ ተቀበልና፣ የመንበሩን ፊት እያየህ፣ ምክንያቱን ጻፍላት፤ ብቻ ከመጻፍህ በፊት የገዛ እናትህ ጡት እንዳይፋረድህ…